የግራናዳው «በልቻለሁ»

[ስቶክሆልም፣ ስፖንጋ ሰፈር፤ በፈረንጆቹ 1995፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ቶሎሳ ነገ ጠዋት ወደ ስፔን ይበርራል። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ተርሚን፣ ማለትም ለግማሽ ዓመት፣ ግራናዳ ሄዶ እንዲማር ልኮታል። ጉልላት ደግሞ ያለፈውን ተርሚን እዚያው ተምሮ የመጣ ጓደኛው ነው፤ ከመጣ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ዘንድ ስፔንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ምክር ሊለግስ መጥቷል። መሬት ላይ ያልተዘጋ ሻንጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ሳህን ምንቸት አብሽ ከነእንጀራው። ቶሎሳ ይበላል። ጉልላት ያያል።]

ጉልላት፦ እኔ የምልህ፣ አንተ ሰው «በልቻለሁ» ሲልህ ዝም ብለህ ትጎርሳለህ?

ቶሎሳ፦ [አፉን ሞልቶ] በልቻለሁ አላልክም?

ጉልላት፦ ብያለሁ።

ቶሎሳ፦ ታዲያ በልተሃላ።

ጉልላት፦ ኧረ የጌታ ያለህ! ሐበሻ ገና ከበር ሲገባ በልቻለሁ ካለ በልቷል ማለት ነው እንዴ?

ቶሎሳ፦ ምንድን ነው ታዲያ?

ጉልላት፦ ወጉ ነዋ! አንዴ እምቢ እላለሁ፣ አንተ «በሞቴ» ትላለህ። ሁለተኛ እምቢ እላለሁ፣ «አፈር ስሆን» ብለህ ክንዴን ትይዛለህ። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ እንዳላስቀይምህ» ብዬ እጄን እታጠባለሁ። ይኼ ሁሉ እናትህ ጋ አልነበረም?

ቶሎሳ፦ ነበረ። [አስቦ] እሺ፣ ልለምንህ?

ጉልላት፦ አሁንማ ቀረ። ተነግሮ የመጣ ልመና ምኑ ልመና ነው!

ቶሎሳ፦ እሺ። [ይጎርሳል።]

[ጉልላት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የቶሎሳ እኅት ውብነሽ ለወንድሟ መሄጃ ምንቸት አብሽ እንደምትሠራ ከአንድ ሳምንት በፊት ሰምቶ፣ ሆዱ ውስጥ ቦታ አስለቅቆ ነው ከቤቱ የወጣው። አሁን ያ ባዶ ቦታ ያጉረመርማል።]

ቶሎሳ፦ ምንድን ነው እሱ?

ጉልላት፦ ምኑ?

ቶሎሳ፦ የሰማሁት ድምፅ።

ጉልላት፦ ባቡሩ ነው። ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ስፔን እንዲህ ደንዝዘህ አትኖርም። እዚያ ሰው ቀን ይተኛል፣ ማታ በአራት ሰዓት እራት ይበላል። ማታ አራት ሰዓት! ስዊድኖቹ ጥርሳቸውን ቦርሸው ሁለተኛው ሕልማቸው ላይ ሲደርሱ ማለት ነው።

ቶሎሳ፦ እስከዚያ አይርብም?

ጉልላት፦ [ሳህኑን እያየ] ሰው ራቡን ይለምዳል።

ቶሎሳ፦ እኔ እኮ ያንተን ምስክርነት ሰምቼ ነው የተመዘገብኩት። መድረኩ ላይ ወጥተህ «በባዕድ አገር እንደ ገዛ ቤቴ ኖርኩ፣ ማዕዴ አልጎደለም» ስትል ትርሓስ እንኳ አለቀሰች። ትርሓስ ሽንኩርት ስትከትፍ የማታለቅስ ሴት!

ጉልላት፦ እንግዲህ ክብሩ ለእርሱ ነው።

ቶሎሳ፦ ማታ ማታስ እንቅልፍ እንዴት ነው?

ጉልላት፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑ ይረብሽሃል። ጣሪያህን ሊነቅል ነው የሚመስልህ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ካልሰማኸው አትተኛም።

ቶሎሳ፦ አውሮፕላን? ቤቱ መሀል ከተማ ነው ብለውኝ?

ጉልላት፦ እ... ነው። ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት። የስፔን አብራሪ እንደ እኛ አገር ሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ካልተሽሎከለከ ያነዳ አይመስለውም።

ቶሎሳ፦ ወይ ጉድ! ከመስኮትስ ምን ይታያል?

ጉልላት፦ ጥድ። ጥድ፣ በረዶ፣ ደግሞ ጥድ።

ቶሎሳ፦ እኔ እኮ ብርቱካን ነበር የጠበቅሁት። ሁለት ቁምጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ጉልላት፦ [ቶሎ ብሎ] ተራራ አለ! ግራናዳ ተራራ አላት፣ ተራራው ላይ በረዶ አለ፣ መጽሐፍ ላይ እየው። ቁምጣውን አውጣ።

[ቶሎሳ በታዛዥነት ተነስቶ ከሻንጣው አንድ ቁምጣ ያወጣል። አንዱን ይተዋል። ጉልላት ይኼን አያይም፤ ዓይኑ ያለው ምንቸት አብሹ ላይ ነው።]

ቶሎሳ፦ ያመጣህልን የወይራ ዘይት ግን... ውብነሽ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በስዊድንኛ ነው ትላለች።

ጉልላት፦ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ነው። የተሻለውን ነው ወደ ውጭ የሚልኩት። ቡናችንን አታውቅም?

ቶሎሳ፦ እሱስ እውነት ነው። ደግሞ መጋቢት ላይ ኪስታ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ አየሁት ስትል ነበር።

ጉልላት፦ ማንን?

ቶሎሳ፦ አንተን።

ጉልላት፦ እኔ መጋቢት ላይ ስፔን ነበርኩ! እኔን የሚመስል ሰው ይሆናል።

ቶሎሳ፦ እኔም እንደዚያው አልኳት። «ጉልላት!» ብላ ስትጠራው ግን ሮጦ ቱነልባና ባቡሩ ውስጥ ገባ አለች።

ጉልላት፦ በማያውቁት ስም የተጠራ ሰው ምን ያድርግ? አንተ በማታውቃት ሴት «አበበ!» ተብለህ ብትጠራ አትሮጥም?

ቶሎሳ፦ እቆማለሁ። ምናልባት አበበን ትፈልገው ይሆናል ብዬ።

ጉልላት፦ አየህ፣ አንተን ስፔን መላክ ራሱ ኃጢአት ነው። እንደ አንተ የዋህ የሆነ ሰው እዚያ ሦስት ሳምንት አይቆይም።

ቶሎሳ፦ [መጉረሱን አቁሞ] ሦስት ሳምንት?

ጉልላት፦ ለምሳሌ ነው የምልህ።

ቶሎሳ፦ እሺ። ብቻ እኔም የማርፈው አንተ ያረፍክበት ቤት ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ሴኞራ ፒላር ጋ።

[ጉልላት ይኼን ገና መስማቱ ነው። ወንበሩ ድንገት ጠበበው። ሳይጠማው ውሃ ቀድቶ ጠጣ።]

ጉልላት፦ ያቺ ሴትዮ... አርጅታለች። ብዙ ትረሳለች። የምትነግርህን ሁሉ እንዳታምን።

ቶሎሳ፦ ትናንት ደወልኩላት።

ጉልላት፦ በምን ቋንቋ?

ቶሎሳ፦ ልጇ እንግሊዝኛ ትችላለች። በስንት ሰዓት እንደምደርስ ልነግራቸው ብዬ ነው። ከስቶክሆልም የምመጣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላት፣ እናትየው ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት።

ጉልላት፦ ተቆጥታ?

ቶሎሳ፦ እያለቀሰች። «የማይበላው ልጅ ደህና ነው ወይ?» ትላለች።

ጉልላት፦ የማይበላው የትኛው ልጅ?

ቶሎሳ፦ እኔም የትኛው ልጅ ነው አልኳት። አንድ ቀጭን ልጅ ነበር አለች። የመጀመሪያ ቀን ማታ ዓሣ ጠብሳ ብታቀርብለት «ጠግቤያለሁ» አላት። የጠገበ ሰው አይገደድም ብላ ሳህኑን አነሳች። በማግሥቱ ሥጋ ሠራች፤ «ጠግቤያለሁ»። አነሳች። በሦስተኛው ቀን ሃይማኖቱ ይሆናል ብላ አትክልት ቀቀለች፤ «ጠግቤያለሁ»።

ጉልላት፦ [ሳይታወቀው] አንድ ጊዜ እንኳ ደግማ ብትጠይቅ ምን ነበረበት!

ቶሎሳ፦ ማንን?

ጉልላት፦ ያንን... ቀጭኑን ልጅ።

ቶሎሳ፦ አዝኜለታለሁ። ኋላ ደግሞ ትራሱ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ አገኘች። ልጁ እንደማይበላ ስለምታውቅ፣ ቤቴ አይጥ ገባ ብላ አልጋው ሥር ወጥመድ አጠመደች።

ጉልላት፦ አውራ ጣቴን ነው የያዘኝ! ሙሉ ሳምንት እርሳስ መጨበጥ አቃተኝ!

[የቃሉ ባለቤት ራሱ ቃሉን የሰማው ከወጣ በኋላ ነው። አፉን በእጁ ሸፈነ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ከጉንጩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቶሎሳ ጣቱን አየው፣ ከዚያ በትህትና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።]

ቶሎሳ፦ ድኗል። ጠባሳም የለው።

ጉልላት፦ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?

ቶሎሳ፦ ከትናንት ጀምሮ።

ጉልላት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ታዲያ ቁምጣ አውጣ ስልህ ለምን አወጣህ?

ቶሎሳ፦ ውብነሽ አጥባው ስላልደረቀ ነው።

ጉልላት፦ [ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ] ሴትዮዋ ሐኪም ልጥራልህ ስትለኝ ነው ከስፔን የወጣሁት። ምን ልላት? ሐኪሙስ መርምሮ ምን ሊያገኝ? ይሉኝታ? ሦስት ሳምንት ዳቦ ብቻ በላሁ፣ ቶሎሳ። ሽታው ከማዕድ ቤት እየመጣ በዳቦ ጦም አደርኩ።

ቶሎሳ፦ ስዊድኖቹም እኮ አንዴ ነው የሚጠይቁት። እዚህ ስትኖር አልለመድከውም?

ጉልላት፦ የት ልልመደው? የትኛው ስዊድን ነው ቤቱ የጠራኝ?

ቶሎሳ፦ እሱም እውነት ነው። ከዚያስ ለምን ቤትህ አልተመለስክም?

ጉልላት፦ በየትኛው ፊቴ? ጉባኤው በሙሉ እጁን ጭኖ ጸልዮልኝ፣ ኬክ ተቆርሶልኝ፣ አሥራ አንድ ሹራብ ተሰጥቶኝ! በአሥራ አንድ ሹራብ የተሸኘ ሰው በሦስት ሳምንቱ ይመለሳል? ወዳጄ አድነው ሜርስታ አንድ ክፍል ነበረው። ፍራሽ ዘረጋልኝ። ተርሚኑ እስኪያልቅ እዚያ ተደበቅሁ።

ቶሎሳ፦ ከአየር ማረፊያው አጠገብ።

ጉልላት፦ ጣሪያው ሥር! ሁሉም ወደ ሆነ ቦታ ይሄዳል፣ እኔ ጥድ እቆጥራለሁ። እሁድ እሁድ መስኮቱን ዘግቼ ብቻዬን እዘምር ነበር። የእናንተን ድምፅ ለመስማት ስደውል ድርብ ድርብርብ ውሸት ነው የማወራው፤ «ኧረ ፀሐዩ!» እያልኩ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። ናፍቃችሁኝ ነበር። በፔንደልቶግ ባቡር ግማሽ ሰዓት ርቄ ነው እኮ የናፈቃችሁኝ!

[ቶሎሳ አልሳቀም። ሊስቅ ነበር፤ የጓደኛው ዓይን ውሃ ማቆሩን ሲያይ ተወው። ሳህኑን ወደ ጉልላት ገፋ አደረገለት።]

ቶሎሳ፦ በል አሁን ብላ።

ጉልላት፦ አይ፣ በልቻ—

[ቶሎሳ ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ይሰዳል።]

ጉልላት፦ እበላለሁ! እበላለሁ! አስቀምጥ! [ሳይታጠብ ይጎርሳል።] ለማንም እንዳትናገር።

ቶሎሳ፦ ለማን እናገራለሁ? ብናገርስ ትርሓስ ያለቀሰችውን እንባ ማን ይመልስላታል?

ጉልላት፦ [እየጎረሰ] ትርሓስን እኔው ራሴ እነግራታለሁ። አንድ ቀን። ሽንኩርት ስትከትፍ።

[ጉልላት ይበላል፤ አሁን የሚያየው ቶሎሳ ነው። የሚያየው ግን ሳህኑን ሳይሆን ሻንጣውን ነው።]

ቶሎሳ፦ ጉልላት።

ጉልላት፦ እ?

ቶሎሳ፦ እኔ እኮ የመጣኸው ልታበረታኝ ነው ብዬ ነበር። ያንተን እውነት ሳውቅ ግን ይበልጥ ፈራሁ። አንተ እንዲህ ምላስህ ስል ሆኖ ሦስት ሳምንት ከቆየህ፣ እኔ ምን ልሆን ነው? ባለፈው እሁድ ለእኔም ጸልየዋል።

ጉልላት፦ ኬክ ነበረ?

ቶሎሳ፦ ሁለት ኬክ።

ጉልላት፦ ሹራብስ?

ቶሎሳ፦ ሹራብማ ተከለከለ፣ አንተ ፀሐይ ነው ስላልክ። ካልሲ ነው የሰጡኝ። አንድ ሻንጣ ሙሉ ካልሲ። እንግዲህ እንዴት ብዬ እመለሳለሁ?

[ጉልላት እጁን ጠረገ። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አዋቂነቱን አስቀምጦ ጓደኛውን አየው። ኪሱ ገብቶ በቀይ ክር የታሰረች አንዲት ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራት።]

ጉልላት፦ ስማኝ። ዓሣውን ገና ሳትቀመጥ ተቀበል። ሲያቀርቡልህ «ጨምሩበት» በል። እኔን የገደለኝ ባዶ ሆድ ነው፤ የጠገበ ሰው ናፍቆትን ይችለዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካቃተህ ግን፣ ይቺ የአድነው ቤት ቁልፍ ናት። ሜርስታ። ፍራሹ እንዳለ ነው። ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠይቅህም። እኔ ምንቸት አብሽ ይዤልህ እመጣለሁ። እንካ።

[ቶሎሳ ቁልፏን አያት። ሲያያት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የተነሳለት መሰለ። ግን ሰው ነውና፣ ያውም የሐበሻ ልጅ፣ አንገቱን ቀና አደረገ።]

ቶሎሳ፦ ኧረ ተው። እኔ ምን ያደርግልኛል! ይቅርብኝ።

ጉልላት፦ እሺ።

[ቁልፏን አንስቶ ኪሱ ከተታት። እንጀራውን ቆርሶ ወጡን ጠራርጎ ጎረሰ፣ ቀስ ብሎም አላመጠ። ቶሎሳ የጉልላትን ኪስ ያያል። ጣሪያውን ያያል። ካልሲ የሞላውን ሻንጣ ያያል። ኪሱን እንደገና ያያል።]

ቶሎሳ፦ ጉልላት!

ጉልላት፦ አቤት።

ቶሎሳ፦ አንዴ እኮ ነው እምቢ ያልኩት!