የክብርት ሌዮካዲያ ጉልበት

ሦስት ዓመት ታሞ ሐኪም ያላመነው ሰው፣ በአራተኛው ዓመት ራሱ ሐኪም ይሆናል። በኛ በሊትዌኒያ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ፎቅ ቤት ካለ አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባበታለሁ።

የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሌዮካዲያ ናቸው፤ ከእኔ በላይ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። እንጉዳይ ሲለቅሙ መዥገር ነከሳቸውና ከወራት በኋላ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ጥቅል ጎመን አበጠ። ላይም የሚሉት፣ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ መሆኑን እሳቸው ቢጠረጥሩም አንዱ ሐኪም "እርጅና ነው" አለ፤ ሌላው "ጭንቀት ነው" አለ፤ ሦስተኛው ውሻ እንዲያሳድጉ መከራቸው። እሳቸውም የምርመራ ወረቀታቸውን ሁሉ በድንች ከረጢት አጭቀው የሕንፃውን ጤና ተረከቡ።

ደረጃ ላይ ያገኙት ሰው አያልፋቸውም። "ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት። ጆሮህን ወዲህ በል።" የፖስታ አዳዩን ብብት ፈትሸዋል። በገና ሰሞን፣ ያውም በዚያ በረዶ፣ ቤት ሊባርኩ የመጡትን ቄስ ቀሚስ ገለብ አድርገው "አባ፣ መዥገር ካህን አይመርጥም" አሏቸው።

ባለፈው ወር ዋና ከተማችን ቪልኒዩስ ወዳለ አንድ የተላላፊ በሽታ ሐኪም ይዣቸው ሄድኩ። ሰውዬው ከረጢቱን ዘርግፎ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበ። ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው።

"እማማ፣ ለመዝገቡ ነው፤ የት ነከሰዎት?"

"ጫካ።"

"የትኛው ጫካ?"

"ዛፍ ያለበት።"

እኛ አገር ሰው የቤቱን ቁልፍ ይሰጥሃል እንጂ እንጉዳይ የሚለቅምበትን ቦታ ለወለደው ልጁም አይናገርም። ክብርትነታቸው እንጉዳይ ሲልጥ የጠቆሩትን የሐኪሙን ጣቶች አዩ። "አንተም ለቃሚ ነህ" አሉና ከረጢታቸውን አንስተው እያነከሱ ወደ በሩ።

ሦስት ዓመት የለመኑትን ሕክምና በገዛ እግራቸው ጥለውት ሊወጡ ነው። ደሜ ፈላ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይቀመጡ" አልኳቸው፣ ክብሩን ሁሉ ረስቼ።

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ተቀመጡና "አንተ ውጣ" አሉኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአራት ሳምንት መድኃኒት ማዘዣ ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። የእንጉዳይ ቦታቸው ስለተነጠቀ መስሎኝ ላጽናናቸው ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አመነኝ" አሉ። "ድካሙ ቶሎ ላይለቅዎት ይችላል፣ ሕመምዎ ግን እውነት ነው አለኝ።"

ከረጢታቸውን ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባኋቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው፤ እስከ ቤታችን ድረስ ስለ መዥገር አስተማሩኝ። እኔም፣ አይ የሰው ነገር፣ ትምህርቱ እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ነዳሁ።