የሻኛ ማሟያ ኮሚቴ

እናንተዬ፣ ኮሚቴ ውስጥ መሥራት እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ያውቅ ነበር! አጎቴ ሪድዋን የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። እኔም ባልዲ ይዤ የታሪክ ተካፋይ ሆኛለሁ፤ አልሃምዱሊላህ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የጨፋን ሜዳ ቁልቁል የሚያይ ዋሻ ነበረን። ግድግዳው ላይ የጥንት ሰዎች በቀይ የሳሏቸው ላሞች፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ውይ ሲያምሩ! አባባ ሙሀመድኑር ሠላሳ ዓመት ያለ ደሞዝ ጠብቀዋቸዋል። ችግሩ፣ አለቱ ለመንገድ ጠጠር ሊፈጭ ነው ተባለ። የሚያድነው ከአዲስ አበባ የምትመጣው ባለሙያ "ጥንታዊ ቅርስ ነው" ብላ ከመዘገበችው ብቻ ነው።

ኮሚቴው ታዲያ ቀድሞ "የዝግጅት ምልከታ" ማድረግ አለበት ተባለና በሚኒባስ ሄድን። አጎቴ ላሞቹን አይቶ ክው አለ።

"አባባ፣ ሻኛቸውስ?"

"የላቸውም።"

"እንዴት አይኖራቸውም? የጨፋ ላም ሻኛ የላትም ሊባል ነው? በእንግዳ ፊት?"

"አረ ልጄ፣ ያኔ እንዲህ ነበሩ። በአላህ አትንኳቸው!"

"ያብሽሩ አባባ። የታየውን ክፍተት በአጭር ጊዜ ውስጥ እንሞላዋለን።"

እንግዳ ሲመጣ አጥር መቀባት ወጋችን ነው፤ ከኮሚቴው ቢሮ በር የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረን። አሥራ አንድ ላም፣ አሥራ አንድ ሻኛ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የኔ ናቸው፤ ወላሂ ከሁሉም የኔዎቹ ይበልጣሉ! አባባ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ቆሙ። ደስታው በዝቶባቸው ይመስለኛል።

በማግሥቱ ባለሙያዋ መጣች። አንዷን ሻኛ ነካ አደረገች፤ ጣቷ ቀይ ሆነ።

"ማነው የሳላቸው?"

"የጥንት አባቶቻችን!" አለ አጎቴ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"አባቶቻችሁ የሞቱት ትናንት ማታ ነው?"

አጎቴ ባልዲዬን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

"ሻኛ ባይኖራቸው ኖሮ እኮ" አለች፣ "በጣም ጥንታዊ ናቸው ብዬ እመዘግባቸው ነበር። አሁን የቱ የድሮ፣ የቱ የናንተ እንደሆነ በምን ልለይ?"

አጎቴ መኪናዋ እስኪርቅ ጠብቆ፣ "ይህን አስቀድማ በደብዳቤ ማሳወቅ ነበረባት" አለ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማማ።

አለቱ ተፈጨ። ግን አትዘኑ! በጠጠሩ ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ተሠራበት፤ ጎብኚ እንዳይቸገር። አሁን በባጃጅ ዋሻው የነበረበት ድረስ ቀጥ ነው። አባባ ሙሀመድኑር ዛሬም መንገዱ ዳር ቁጭ ብለዋል።

"አባባ፣ አሁን ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?" አልኳቸው፣ ከባጃጅ ዱብ ብዬ።

"ላሞቹን ነዋ" አሉኝ። "ቀስ ብለሽ እርገጪ።"