የወይራ አምባ ዜና ጀብራ ሲደርስ

ሳያነቡ ያነበቡ መምሰልን ያህል የተስፋፋ ሙያ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እናንተስ ብትሆኑ፣ ስልካችሁ ላይ አዲስ ነገር ስትጭኑ የሚመጣላችሁን ያንን ማለቂያ የሌለው ውል አንብባችሁ ነው «ተስማምቻለሁ» የምትሉት? እኔማ ካርቱም በቆየሁባቸው ዓመታት ምን እንደሚል ሳላውቅ የፈረምኩበት የዐረብኛ ወረቀት ቢደረደር፣ ከሰፈሬ ከጀብራ ተነስቶ ከተማው ዳር ሶባ ይገባል። ዘዴው ቀላል ነው። ግንባር ቋጠር ይደረጋል፣ ዓይን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ራስ ነቅነቅ ይላል፣ ከዚያ «ተማም»፣ እሺ፣ ተብሎ ይፈረማል። አፌ ዐረብኛውን እንደ ልቡ ያወራዋል። ዓይኔ ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ እንደሆነ ቀረ።

ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ቀጥሎ የምነግራችሁን ጥፋቴን ቀለል አድርጋችሁ እንድታዩልኝ ነው።

ጀብራ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሰፈሩ «ኡስታዝ» ይለኛል፤ መምህር ማለት ነው። ማንንም አስተምሬ አላውቅም፤ ማዕረጉን ያገኘሁት በመነጽሬ ነው። አርብ አርብ፣ ከተማው ሁሉ ሥራ ሲፈታ፣ እትዬ ወርቅነሽ ትመጣለች። ሳምንቱን ሙሉ አል-ጣኢፍ ሰፈር ካለ አንድ ትልቅ ግቢ ወጥ ስትሠራ ትከርምና፣ በዕረፍት ቀኗ ነጠላዋን አጣፍታ ከአየር ማራገቢያዬ ፊት ለፊት ወንበር ትስባለች። ትእዛዟ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አገሬን ክፈትልኝ።»

አገሯ ወይራ አምባ የምትባል ወረዳ ናት። በየከተማው የተበተኑት የወይራ አምባ ልጆች ተሰባስበው ድረ ገጽ ከፍተዋል፤ ማን ተዳረ፣ ማን አረፈ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የት ደረሰ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ችግሩ ገጹ በፎቶ የተጨናነቀ ነው፤ የካርቱም መብራት ደግሞ ፎቶ ወርዶ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ አንድ ነጻ የዜና ማንበቢያ ፕሮግራም ጫንኩ። ሠሪዎቹ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ ኮዱም የፈለገ ሰው ገብቶ እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ክፍት ነው። ፕሮግራሙ ከየድረ ገጹ ጽሑፉን ብቻ ለቅሞ ያስቀምጥላችኋል፤ መብራቱ ቢሄድ እንኳ ላፕቶፑ ላይ ታነባላችሁ። ዐረብኛውንና እንግሊዝኛውን እንደ ወተት አወረደው። ወይራ አምባ ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ። ፊደላችን የለም! በፊደላችን ቦታ የፈረንጆቹ ትንሿ «ኤ» አናቷ ላይ ጭረት ሰክታ ትመጣለች፣ ከኋላዋ ሁለት ስም የለሽ ምልክቶች ይከተሏታል፣ ከዚያ እንደገና እሷው። ገጹን ሙሉ እንዲህ ነው።

እትዬ ወርቅነሽ ፊደል ትለያለች፤ በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ቆጥራለች። አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተር ፊደል ነው» አልኳት። ኡስታዝ ነኛ! አላውቅም ማለት እንዴት ይሆናል?

«ታዲያ ምን ይላል?»

ግንባሬን ቋጠርኩ፣ ራሴን ነቅነቅ አደረግኩ። «ዝናቡ ጥሩ ነው ይላል።»

«ተመስገን!» አለች። ፊቷ ሲበራ ብታዩ እናንተም ታዘንቡ ነበር። በዚህ ዓይነት ሦስት አርብ ሙሉ ወይራ አምባ ላይ ዝናብ አወረድኩ። በሦስተኛው እንዲያውም ትንሽ በረዶ ጨምሬበታለሁ።

በአራተኛው አርብ ከልጇ ጋር መጣች። ሳሚያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ተምራ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አባቷ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሞቷል። አማርኛ ከእናቷ ጉሮሮ የሰማችውን ያህል ትናገራለች፤ ፊደል ግን አንድም አታውቅም። እኔን «ኻሎ» ትለኛለች፤ የእናቴ ወንድም እንደማለት። እውነተኛውን የእናቷን ወንድም አይታው አታውቅም። ለምን እንደሆነ ጀብራ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ እትዬ ወርቅነሽ ዑስማንን ስታገባ ታላቅ ወንድሟ ደምሴ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብሎ ላከባት። እሷም ስልክ ቀየረች። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ማንም ለማንም አልደወለም። አርብ አርብ የምትፈልገው ዝናቡን እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሳሚያ ገጹን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ኻሎ፣ ወላሂ ይሄ ምንም አይልም። ዝናቡ የቱ ጋ ነው?»

ላቤ መጣ። እሷ ግን ለእኔ ጊዜ አልነበራትም፤ ወንበሬን ወስዳ ተቀመጠች። «ሰላም በአማርኛ ስንት ፊደል ነው?»

«ሦስት።»

ሳሚያ «ሰላም»ን አስጽፋኝ ፕሮግራሙን በዚያው በተሳሳተ መንገድ አስነበበችው። ምልክቶቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ። «አየህ? አንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ይሆናል። ምንም የጠፋ የለም ማለት ነው። ፊደሉ እዚሁ አለ፤ በሌላ ስም እየተጠራ ነው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድረ ገጹ ዜናውን ሲልክ ግንባሩ ላይ አንድ መስመር ይለጥፋል፤ «እኔ የተጻፍኩት በአውሮፓውያን ፊደል ነው» የሚል። ውሸት ነው። ምናልባት ገጹን የከፈተው ሰው ከሌላ ቦታ ሲገለብጥ የቀረ መስመር ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን የተለጠፈውን አምኖ አማርኛውን እንደ አውሮፓ ጽሑፍ ይቆራርጠዋል። በአጭሩ፣ ፊት ሳያይ መታወቂያ ብቻ የሚያይ ዘበኛ ነው።

ሳሚያ ለፕሮግራሙ ኃላፊ ጻፈችለት። ሰውየው የት እንደሚኖር አናውቅም፤ ትሕትናው ግን አይጣል ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ደንቡ የተለጠፈውን ማመን እንደሆነ፣ ጥፋቱም የድረ ገጹ እንጂ የፕሮግራሙ እንዳልሆነ በሦስት አንቀጽ አስረዳ። ሳሚያ አንብባ ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም ነበር።

«እኔንም ወረቀቴን ብቻ ያየ ሰው ሱዳናዊት ናት ብሎ ይዘጋኛል። ማሚን ብቻ ያየ ሐበሻ ናት ይላል። ሰውዬው እስቲ መጀመሪያ ራሱን ጽሑፉን ይየው!»

ይህንኑ ጨዋ በሆነ እንግሊዝኛ አድርጋ መለሰችለት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጽሑፉን ይመርምር፤ የዓለም ፊደል ሁሉ የሚጻፍበትን ሥርዓት በትክክል ጠብቆ ከተገኘ፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ምንም ቢል ጽሑፉን ይመን። ማስተካከያውን ጻፈች፣ መሞከሪያ እንዲሆን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ዜና አያይዛ ላከች። እኔ ከጎኗ ሆኜ የፊደል ዳኛ ነበርኩ፤ «ይሄስ ትክክል ነው?» ስትለኝ አነብላታለሁ። በዚያው እሷም ሰ፣ ላ፣ ም እያለች መልቀም ጀመረች። ሰውየው አንድ ሳምንት አሰበበት። ከዚያ ተቀበለ፤ ስሟንም ከሠሪዎቹ ተርታ አስገባ።

እትዬ ወርቅነሽ ነገሩ ሲነገራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ለመሆኑ ሲትሽ ማናት?» ሲት የምትሠራበት ቤት እመቤት ናት፤ እሷ የምታውቀው ሥራ ሁሉ ሲት አለበት።

«የለችም ማሚ። ሁሉም በፈቃዱ ነው የሚሠራው።»

«እመቤት የሌለበት ሥራ!» አለችና አማተበች።

በሚቀጥለው አርብ አዲሱን ከፈትን። ፊደላችን! ጥርት ብሎ፣ ተርታውን ይዞ። እትዬ ወርቅነሽ ተነስታ ቆመች፤ ከዚያ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «በወይራ አምባ... ዝናቡ... ሁለት ወር... በመዘግየቱ...» ቆም አለች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ኡስታዝ። ያ ሁሉ በረዶ የት ገባ?»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ አላውቅም። እሷ ግን ቶሎ ይቅር አለችኝ፤ የተናደደችው በሌላ ነው። የመጣው ዜና ሦስት ብቻ ነበር። ከአራተኛው ጀምሮ ባዶ።

ሳሚያ ስትመረምረው አራተኛው የሠርግ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው በሙሽራውና በሙሽሪት ስም መካከል «እና» በማለት ፈንታ ያቺን የፈረንጆች ጥምዝምዝ ምልክት፣ «&»ን፣ አስገብቷል። ለዘመናዊነት ይሆናል። ያቺ ምልክት ደግሞ በዜና መላላኪያው ቋንቋ ውስጥ ሌላ ትርጉም ስላላት፣ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ግራ ተጋብቶ ሥራውን ያቆማል። በአንድ ሙሽራ ምክንያት የወረዳው ሰው ሁሉ ይቀራል! ሳሚያ ሌላ ማስተካከያ ጻፈች፤ የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው እንደ ምንም ጠግኖት ይለፍ፣ ካልቻለም ያንን ዜና ብቻ ትቶ ቀጣዩን ያንብብ። ያን ጊዜ የጎደለው ሁሉ እየተግተለተለ መጣ፤ ያለፈው ዓመት ሠርግ፣ ልደት፣ ሐዘን።

ካነበበችው መካከል አንዱ ላይ እትዬ ወርቅነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በስደት በሱዳን አገር ሳለች ያረፈችው የእህታችን... የወርቅነሽ... አለሙ...»

ጣቷ ስሙ ላይ ቀረ። ሳሚያ የእናቷን ስም ፊደል በፊደል ለቅማ የደረሰችበት ከእኛ ትንሽ ዘግይታ ነው፤ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማስታወቂያው የምስጋና ነበር። አቶ ደምሴ አለሙ ለእህታቸው ተዝካር ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ያጽናኗቸውን ሁሉ ከልብ ያመሰግናሉ።

እትዬ ወርቅነሽ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አሰበች። «ሶባ ያረፈችው ሌላዋ ወርቅነሽ ናት» አለች በመጨረሻ። «ቀብሯ ላይ ምስር የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ወደ አገር የገባ ሰው ወርቅነሽ ሞተች ብሎ ነግሯቸው ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «በቁሜ እህት የለኝም ያለ ሰው... ተዝካር አወጣልኝ?»

ሳሚያ ለድረ ገጹ ወዲያው ጻፈች። መልስ መጣ። «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። ሟቿ በሕይወት ስለ መኖራቸው ከሚኖሩበት ቀበሌ የተጻፈ ማስረጃ ቢያያይዙልን እናስተካክላለን።» ጀብራ ቀበሌ የለውም። ካርቱም ውስጥ ለሐበሻ ሞት ወረቀት የሚሰጥ ይገኛል፤ ለመኖሩ ወረቀት ማግኘት ግን፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ። በስንት ልመና፣ እትዬ ወርቅነሽ የአገሩ ልጅ መሆኗን እንዲያምኑ ከወይራ አምባ ቤተ ክርስቲያን በላይ ያሉትን ቤቶች በተርታ ጠርታ ካስጻፈች በኋላ፣ የወንድሟን ስልክ ላኩልን።

ደወልን። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«አቤት፣ ማን ልበል?» ሸምገል ያለ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ወርቅነሽ ነኝ።»

«የየት ወርቅነሽ?»

«እህትህ።»

«እህቴ ሞታለች» አለ ድምፁ።

«አውቃለሁ። ተዝካሬን አንብቤ ነው የደወልኩት።»

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የሰማነው ስልኩ መሬት ሲወድቅ ነው። ቀጥሎ የሽማግሌ ልቅሶ። እሷም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሳሚያም፤ እኔ መነጽሬን ጠረግኩ። ሲረጋጋ ደምሴ ስልኩን መልሶ አነሳ።

«ባልሽስ... ዑስማን ደኅና ነው?»

ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያ ጊዜው እንደሆነ እትዬ ወርቅነሽ ኋላ ነግራኛለች።

«አርፏል ጋሼ። አምስት ዓመት ሆነው።»

«ነፍሱን ይማር» አለ። ጥቂት ቆይቶም ደገመው። «ነፍሱን ይማር።»

ሳሚያን አቀረበቻት። ልጅቷ ምን ብላ እንደምትጠራው ጨንቋት ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ «ኻሎ፣ ሳሚያ ነኝ» አለችው። ትርጉሙን ባያውቀውም «አቤት ልጄ» ብሎ መለሰላት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቅናት ተሰማኝ፤ አልደብቃችሁም።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል እትዬ ወርቅነሽ እንባዋን ጠርጋ የልቧን ጠየቀች። «ጋሼ፣ ለተዝካሬ ምን አረድክ?»

«ቀዩን በሬ።»

«ቀዩን!» አለች። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል አረማመዷ ሁሉ ተለውጦ ነበር።

ድረ ገጹ ማስተባበያ አወጣ፤ ወርቅነሽ አለሙ በሕይወት መኖራቸው ታውቋል፣ ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን። ሳሚያ አሮጌው ማስታወቂያም እንዲነሳ ልትጽፍላቸው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው ያ ቢት፣ ተዪው ልጄ። በቁሜ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦልኝ አያውቅም።»

ስለዚህ ሁለቱም እዚያው አሉ፤ ፕሮግራሙም ሁለቱንም ያለ አንድ ስህተት ያነብባቸዋል። ማስተባበያ የማያስፈልገው የበሬው ሞት ብቻ ነው።