የአያ ይኸነው ሃያኛ አቤቱታ

በዚህች አገር ሰልፍ ባለበት ሁሉ ሰልፍ አስከባሪ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ደሞዝም የለውም። ሁለት ሰው ተከታትሎ ከቆመ ሦስተኛው እሱ ነው፤ የሚቆመውም ወረፋ ሊይዝ ሳይሆን ሁለቱ በሥርዓት መቆማቸውን ሊያይ ነው። የእናንተም ሰፈር አንድ አያጣም። የእንጅባራው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፦ ክቡር አያ ይኸነው፣ የተራ ጠባቂ፣ የመስመር አስተካካይ፣ የላይ ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ!

አያ ይኸነው ወፍጮ ቤት ከገቡ «እህሉ በመጣበት ተራ ይቀመጥ!» ብለው ጆንያውን ሁሉ እንደ አዲስ ያስደረድራሉ። አንዴ የገዛ ባለቤታቸውን ከማያውቁት መንገደኛ ኋላ አሰልፈው ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ያለ ጨው በልተዋል ይባላል። ባጃጅ ላይ አራተኛ ሰው ከተጫነ ይወርዳሉ፤ ወርደው ቢሄዱ ደግ ነበር፣ ከፊት ቆመው ከዘራቸውን ይደቅናሉ እንጂ። «የተጻፈው ሦስት ነው!» በፈረስ በዓል ዕለት ፈረሰኛው ሁሉ ሽምጥ ሊጋልብ ሲቁነጠነጥ፣ እሳቸው መሬቱን በከዘራ ጭረው «አፍንጫ ከአፍንጫ እኩል!» ብለው አርባ ፈረስ ወደ ኋላ መልሰዋል። ፈረሶቹም ተመለሱ፤ ምን ያድርጉ!

ከቃል ሁሉ የሚወዷት «ይመዝገብልኝ!» የምትለዋን ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ይሏታል፣ ሠርግ ላይ ይሏታል፣ ወጥ ሲያንሳቸውም ይሏታል። እንግዲህ አንድ ማኅበር ለምርጫው ታዛቢ እፈልጋለሁ ብሎ ሲመጣ ለአያ ይኸነው ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። በሁለት ቀን ሥልጠና አርባ ሰባት ጥያቄ ጠይቀው የአሠልጣኙን ድምፅ ዘጉት። ባጁ ከተሰጣቸው ዕለት ጀምሮ ከአንገታቸው አልወረደም፤ ቅዳሴም ሄደውበታል። በምርጫው ቀንም ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ሥር አንጠልጥለው ከች አሉ። ጥሩምባው ለምን ቢባሉ «ሞት ዛሬ ምርጫ ነው ብሎ አይቀርም» ነበር መልሳቸው።

ለመምህርት ምሥራቅ እንዘንላት። ሒሳብ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የተከፈተው ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ እሷ ነበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜዋ። አራት መቶ አሥራ ሁለት መራጭ በገዛ እጇ መዝግባለች። ከሁሉ የማትረሳት ድንች ቸርቻሪዋን እትዬ ይታይሽን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ካርዳቸውን ሲወስዱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ማንም አያየኝም አይደል?» ብለዋት ነበር። «ማንም አያይዎትም እትዬ፤ እኔ አለሁ» አለቻቸው። ያቺን ቃል ይዛ ነው እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ያነጋችው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሰኔ ዝናብ እየወረደ፣ ሥራው ተጀመረ። ምሥራቅ የድምፅ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ስታሳይ ሌሎቹ ታዛቢዎች አየት አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ይኸነው ግን ራሳቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ።

«ባዶ ነው አያ ይኸነው?»

«ባዶ ነው» አለ ድምፃቸው ከውስጥ። «ግን ጨለማ ነው። ይመዝገብልኝ!»

አንድ ተባለ። ምሥራቅ የአቤቱታ መዝገቡን ገልጣ ጻፈች፤ «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ዓምድ ሥር «ታይቷል» አለች። ቀጥሎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተረሳች የዶሮ ሥዕል ተገኘች።

«ምልክቱ ዶሮ የሆነ ፓርቲ ቢኖርስ?» አሉ።

«የለም እኮ!»

«ዛሬ የለም። ይመዝገብልኝ!»

ሰሌዳው ተጠረገ፣ ተመዘገበ፣ ታይቷል። ከዚያ በድምፅ መስጫው መጋረጃ ላይ ቀዳዳ ተገኘች፤ ዝንብ ካልሆነ ማንም አያይባትም፤ ተመዘገበች። ከዚያ ፖሊሱ ሀብቱ፣ ምስኪን፣ ዝናቡን ሽሽት መሣሪያውን እንዳነገተ የጣቢያው ክልል ከታጠረበት ገመድ ወዲህ ገባ አለ። አያ ይኸነው በከዘራ ለክተው «አንድ ክንድ ከስንዝር ገብተሃል!» ብለው ወደ ዝናቡ መለሱት። ምሥራቅ ራሷ ሻይ ልትቀምስ ብቅ ብትል «የጣቢያው ኃላፊ ለሦስት ደቂቃ ከቦታቸው ጠፍተዋል» ተባለባት።

«ሁለት ደቂቃ ነው!»

«በእኔ ሰዓት ሦስት ነው። ልዩነቱም ይመዝገብልኝ!»

እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት አሥራ ስምንት አቤቱታ ሆነ። ምሥራቅ ጣቷን እያፍታታች «እኒህ ሰውዬ መራጩን ነው እኔን የሚጠብቁት?» አለች በሆዷ። ይኼኔ ነው ድምፅ የሰጠውን ብትቆጥር ስልሳ አንድ ብቻ መሆኑን ያየችው። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ስልሳ አንድ! ሰዉ የት ገባ? ዝናቡ ነው እንዳይባል የእንጅባራ ሰው በዝናብ ቤቱ አይቀርም፤ ቢቀርማ ክረምቱን ሙሉ ማን ይወጣ ነበር?

በመስኮት ብቅ ብላ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዋንዛው ሥር፣ አንድ ሰው ሰማያዊ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዝናብ እየዘነበ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ጭኑ ላይ ደብተር ዘርግቷል። ሰው ወደ በሩ በቀረበ ቁጥር ቀና ይልና አየት አድርጎ ይጽፋል። አይሳደብ፣ አይቆጣ፣ መጻፍ ብቻ! ከወዴት እንደመጣ፣ ለማን እንደሚጽፍ የሚያውቅ የለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

ምሥራቅ ዓይኗ እያየ እትዬ ይታይሽ መጡ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ብዕሩን አዩት። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ መጡበት ዞሩ።

ምሥራቅ ምክትሏን አስቀምጣ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። «እትዬ ይታይሽ! ኧረ ይግቡ!»

«ይቅርብኝ ልጄ» አሉ ሳይቆሙ። «ያለችኝ አንዲት ማሳ ናት፤ ልጆቹም ገና ናቸው። ስሜን ለማን እንደሚያደርስብኝ ምን አውቃለሁ? አንቺንስ አምኜሽ ነበር።»

ይቺ የመጨረሻዋ ልቧን ሰንጥቃት ገባች። ቀጥ ብላ ባለደብተሩ ፊት ሄደች። «ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ግጥም» አለ፤ ቀናም አላለ። «መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ግጥም መጻፍ ክልክል ነው እንዴ?»

ሀብቱን ጠራችው። ሀብቱም ካቦርቱን እያራገፈ «ከገመዱ ውጪ ነው የኔ እህት፤ አልሰደበ፣ አልመታ፣ ምን ብዬ ልያዘው?» አለ። ወደ ወረዳ ልትደውል ስልኳን ብታወጣ ኔትወርክ የለም። ስትመለስ ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ ነበር። አያ ይኸነው መስኮቱ ጋ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ይመዝገብልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

ምሥራቅ ጻፈችው፤ አሥራ ዘጠነኛ። ብዕሩን ግን ወረወረችው። «መዝግቤ ምን ላድርገው? ቀኑን ሙሉ ዶሮና ዝንብ ሲያስመዘግቡኝ ዋሉ! ሰዉ እየተመለሰ ነው እኮ አያ ይኸነው! መዝገብ ሰው ያመጣል?»

ምሥራቅ ወዲያው ቆጫት። ሽማግሌው ግን ባጃቸውን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ማንጠልጠያውን በሥርዓት አጣጥፈው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«ያዢልኝ። ታዛቢ ውጡ ብሎ ሰው አይጣራም፤ ደንቡን አውቀዋለሁ።»

«ወዴት ነው?»

«አሁን ታዛቢ አይደለሁም» ብለው ጭቃውን እያንቦጫረቁ ወጡ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከላይ ከጉብታው ጥሩምባ ተነፋ!

የላይ ሰፈር ሰው ያቺን ድምፅ ከሰማ የያዘውን ይጥላል። የእድር ጥሩምባ ነዋ! ዝናብ ሆነ አዝመራ፣ ታመምኩ ደከመኝ አይሠራም፤ ይወጣል። ወጥቶም መጀመሪያ የሚሄደው የእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው። «መጥቻለሁ፣ ጻፈኝ» ይላል። ያልተጻፈ ቀርቷል ነው፤ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱም ሐሜቱ ይብሳል። ጣት ቀለም ቀቢዋ ልጅ እንኳ ጥሩምባውን ስትሰማ ነጠላዋን ይዛ ብድግ አለች፤ ምሥራቅ «ተቀመጪ!» ብላ መለሰቻት።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» የሚል ድምፅ ወረደ፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገውኛ። «የሞተ የለም! የሞተ የለም! ግን ለቀብር ብቻውን የሚሄድ አይታችኋል? ካርድ ያለው ተሰብስቦ ይውረድ! የፈለገ ይመርጣል፣ ያልፈለገ ይመለሳል፤ ማንን እንደሆነ እኔን አያገባኝም!»

እሱስ ተባለ፤ ግን ግማሹ ሰው ጥሩምባውን እንጂ ቃሉን መች ሰማ! ከየቤቱ፣ ከየጓሮው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። «ኧረ ማን ነው?» ይላል አንዱ። «እኔ እንጃ፣ ብቻ ውጣ!» ይላል ሌላው። አንዲት ሴት ማንን እንደምታለቅስ ሳታውቅ «ወይኔ! ወይኔ!» ስትል መጣች። ከሁሉ ፊት ፊት የሚመሩት አባ ክንዴ ፈንታ ነበሩ። አባ ክንዴ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ባለፈው ቀብር ላይ ተገኝተው ሳለ ጸሐፊው ስቷቸው ተቀጥተዋል፤ ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣላቸውም። ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ ከዋንዛው ሥር ደብተር ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አዩ። በቀጥታ ወደ እሱ!

«ክንዴ ፈንታ! መጥቻለሁ፣ ጻፈኝ!»

ባለደብተሩ መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «ምን አሉ አባቴ?»

«ክንዴ ፈንታ ነኝ! ባለፈው ቆሜ ሳለ ቀረ ብላችሁ ቀጥታችሁኛል። ዛሬ ዓይኔ እያየ ጻፈኝ! ለመሆኑ አዲሱ ጸሐፊ አንተ ነህ? ማን ነው የሞተው?»

ከኋላ አንዱ ሳቁን ለቀቀው፤ ሳቁ ከሰው ሰው እየዘለለ መንገዱን ሞላው። ጠዋት ካርዱን ደብቆ የተመለሰው ሁሉ ገባው፤ ሁሉም ከተጻፈ ማንን ነጥሎ ያስፈራል! አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ «እኔንም ጻፈኝ!» አለ። «እኔንም! ከነሚስቴ!» «የእኔን በጉልህ ጻፈው!» ባለደብተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል፤ ማን ይሰማዋል!

ይኼኔ አያ ይኸነው ጥሩምባቸውን ይዘው ደረሱ። ግርግሩን አይተው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምንድን ነው ይኼ ግፊያ? ተራ ይከበር! ለመጻፍም ቢሆን ተራ አለው! አንድ በአንድ!»

በእግዜር ስም፣ አሰለፏቸው! ከባለደብተሩ ፊት እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ፣ በከዘራ የተሰመረ የሚመስል ሰልፍ። ከመካከሉ እትዬ ይታይሽ ተራቸው ደረሰ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ምሥራቅ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ይታይሽ አድማስ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ቀጥ ብሎ። «የላይ ሰፈር፣ ድንች ሻጭ፣ የሦስት ልጆች እናት። ጻፍክ? እስቲ አንብብልኝ።»

ባለደብተሩ አላነበበም። ደብተሩ በዝናቡ ርሷል፣ ቀለሙ ፈሷል፤ ከጀርባ ደግሞ አባ ክንዴ «የእኔን አየሁት፣ 'ፈንታ'ን አልጻፈም!» እያሉ ይጮኻሉ። ተነሣ፣ ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ መጀመሪያ ያገኘው ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። ባጃጁ ላይ ሦስት ሰው ነበረበት። አያ ይኸነው አዩ፤ ከዘራቸውን አንሥተው ነበር፣ መለስ አደረጉት። «ዛሬስ ይሂድ!» አሉ።

ሰዉ ሆ ብሎ ገባ! ምሥራቅ መዝገብ ስትገልጥ፣ ካርድ ስታመሳክር፣ ወረቀት ስትሰጥ እጇ አላረፈም። እትዬ ይታይሽ ከመጋረጃው ጀርባ ቆዩ፤ ሲወጡ ቀለም የነካው አውራ ጣታቸውን አቁመው ምሥራቅን አዩዋት። «እውነትሽን ነው፣ ማንም አላየኝም» አሏት። ምሥራቅ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የሚቀጥለውን ጠራች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል የሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። መቼም ማንንም ሳያስቀድሙ የማይገቡት አያ ይኸነው፣ በመዝገቡ ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባተኛ መራጭ ሆነው ድምፃቸውን ሰጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ።

«አቤቱታ አለኝ።»

«አሁን ደግሞ በማን ላይ?»

«አንድ ታዛቢ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ሰው ጠርቷል። ባጁን ቢያወልቅም ልቡ ታዛቢ ነበር፤ አይፈቀድም። ስሙ ይኸነው ነው። ይመዝገብልኝ!»

ምሥራቅ አየቻቸው። ጋቢያቸው በስብሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሷል፣ ጥሩምባው ደረታቸው ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። በነጭ ወረቀት ራሳቸውን ሊያስከስሱ ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ የጠላቻቸውን ያህል በአንድ ጊዜ ወደደቻቸው። ብዕሯን አነሣች፤ ቁጥር ሃያ ብላ የተናገሩትን አንድ ቃል ሳትቀንስ ጻፈች። «የተወሰደ እርምጃ» የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ ግን «ታይቷል» አላለችም። «ለሚቀጥለው ምርጫ ከሁሉ ቀድመው እንዲመጡልን የጣቢያው ኃላፊ ለምናለች» ብላ መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞረችው።

አያ ይኸነው ጎንበስ ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን አጸዱና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ» አሏት፣ «ቀን አልጻፍሽበትም።»