የፈረሰኛው ሙዚቃ አልጠራ አለኝ

ሰውዬው በዚህ ዕድሜው ጌም ይጫወታል ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። አርባን ገና ጠጋ ነው ያልኩት። ደግሞም የምከፍተው ለመጫወት አይደለም፤ ሙዚቃውን ለማጥራት ነው። ይኼ ይበልጥ የሚያስቅ ከሆነ እንግዲህ ሳቁ። እኔ ራሴ ግራ የገባኝ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳባት ዘጠነኛ ክፍል ስንማር የኮምፒውተር ክፍል ነበረን። አንዱን ኮምፒውተር ለሁለት ነበር የምንጠቀመው። የኔ ተጋሪ ይትባረክ የሚባል ጓደኛዬ ነው። ወንበሩን ከኋላዬ ስቦ ይቀመጥና አገጩን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አይቀረው። ማውሱን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። «የት ደረስክ? የት ደረስክ?» እያለ መጨቅጨቅ ብቻ። መምህራችን ወዲያ ዞር ሲል አንድ ፈረሰኛ ያለበት ጌም እንከፍታለን። ፈረሰኛው ከጫካ ይነሳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ዋሻ ይገባል። ዋሻው ውስጥ ሁልጊዜ ይሞታል። ሙዚቃው ግን! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጫካው ላይ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ድልድዩ ላይ ይረዝማል፣ ዋሻው ጋ ሲደርስ ሆድ ይበላል።

ይትባረክ አሥረኛ ክፍል ሳይገባ ትምህርቱን ትቶ ዜማ ሊማር ደረስጌ ሄደ። አሁን እዚያው መሪጌታ ነው። እኔ ደግሞ ደባርቅ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ። በቀደም ደወለልኝ። ዐይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ጎንደር ሊታከም ሲሄድ እኔ ዘንድ ሁለት ቀን ያርፋል። ሕክምናው እንደሚያስፈራው አልደበቀኝም። «ዐይኔ ባይመለስ እንኳ ጆሮዬ አለልኝ» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም። ስልኩን እንደዘጋሁ አንድ ነገር ወሰንኩ። ያን ሙዚቃ አሰማዋለሁ። ስክሪኑን ባያይ ሙዚቃውን ይሰማል፤ ያውም ከድሮው አጥርቼ!

መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን ሰላም የምትባል ባለሙያ አለች። ጌሙን ፈልጋ አገኘችልኝ። ላፕቶፔ ላይም ኢሙሌተር ጫነችልኝ። ኢሙሌተር ማለት አዲሱን ኮምፒውተር «አንተ አሮጌ ነህ» ብሎ የሚያሳምን ፕሮግራም ነው። እኔን ለዚህ መስታወት ይበቃኛል።

ከፈትነው። ፈረሰኛው ራሱ ነው። ጫካውም ራሱ ነው። ሙዚቃው ግን ቲር ቲር ቲር የሚል፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ዓይነት ጥድፊያ። ይኼ አይደለም አልኳት። ጥራት ስለሌለው ነው ጋሼ፣ ይስተካከላል አለችኝ።

ሰላም እንዳስረዳችኝ የዚህ ጌም ሙዚቃ ተቀድቶ የተቀመጠ አይደለም። ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አሁን ይህን በል፣ አሁን ከፍ አድርግ፣ አሁን እረፍ የሚል። የሚያዜመው ማሽኑ ነው። ወዲያው ገባኝ። ይኼ ለኛ አገር ሰው ይጠፋዋል? ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች እንደዚያው አይደሉም? ምልክቱ ብራናው ላይ ነው፤ ድምፁ ከመሪጌታው ጉሮሮ ነው። እንግዲያው ለጌሙ ደኅና ጉሮሮ ፈልጊለት አልኳት። የእውነተኛ መሣሪያዎች ድምፅ የተቀዳበት ፋይል አውርዳ አስገባችለት። ቲር ቲሩ ቫዮሊን ሆነ። መቆራረጡን አንድ ቦታ ቁጥር ጨምራ አጠፋችው። ትንሽ ማስተጋባት ስትጨምርበት አዳራሽ ሙሉ ሙዚቀኛ የተቀመጠ መሰለ። ያምራል። ከልብ ያምራል። ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው አለችኝ። እንደማስታውሰው ነገርኳት። ድልድዩ ላይ መርዘም አለበት። ዋሻው በር ላይ ደግሞ ትንሽ ያስላል።

«ያስላል?»

አዎ፣ እህ እህ ይላል አልኳት። ደግሞ መምህሩ ወደኛ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ሰላም እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«ጋሼ፣ መምህሩ መምጣቱን ጌሙ በምን ያውቃል?»

እኔ በምን አውቄ! የድሮ ዕቃ እንደ አሁኑ አይደለም አልኳት። ጥራት ቢያንስ ድምፁ ይበላሻል እንጂ ዜማው አይቀየርም ብላ ተከራከረችኝ። ተቆጣሁ። ፍጥነቱን ቀንሺው አልኩ። ስትቀንሰው ፈረሰኛውም አብሮ ቀንሶ የታመመ በቅሎ የሚነዳ መሰለ። ጆሮዬ ነው የተበላሸው ወይስ ትዝታዬ? ተማሪዎቼ ጥያቄ ሲጠይቁኝ እንኳ «ቆይ ድልድዩ ጋ ስንደርስ» ማለት ጀመርኩ።

መሪጌታው መጣ። ከመኪና ሲወርድ ክንዱን ይዤ ተቀበልኩት። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው። ምሳ በልተን እንዳበቃን ላፕቶፑን ከፈትኩና ስፒከሩን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ቫዮሊኑ ጀመረ። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እስከ ዋሻው ድረስ አዳመጠ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የፈረሰኛው ሙዚቃ ነዋ! ዳባት የነበረው!»

«የምን ሙዚቃ? የዚያ ክፍል ኮምፒውተር ስፒከር መች ነበረውና!»

ከፊቱ የነበሩት ቀዳዳዎች ታዲያ ምንድን ናቸው አልኩት። ለሙቀቱ መውጫ ናቸው አለኝ። እና ሙዚቃውስ? ጢሙን እያሻሸ፣ እያፈረ ነገረኝ። ዐይኑ ያኔም ደካማ ነበር። ስክሪኑ ላይ ከብርሃን በቀር የሚለየው ነገር አልነበረም። ከክፍል ያስወጡኛል ብሎ ለሰው አልተናገረም፤ ለኔም ቢሆን። ዜማ ቤት የሄደውም ትምህርቱ በቃል ነው ስላሉት ነው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብሎ የት ደረስክ ይለኛል፤ እኔ ድልድዩ ስለው የድልድዩን ያወጣል። ከራሱ ፈጥሮ! ሳሉም የሱ ነበር።

አፈርኩ። ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲያዜምልኝ ጌም የማይወድ ልጅ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። የዐይንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሳልሠራ ያለፍኩት የትምህርት ዘመን የለም፤ አጠገቤ ያለው ልጅ እንደማያይ ግን አላየሁም። ብቻህን አትሄድም፣ ጎንደር አብሬህ ነኝ አልኩት። ክፍልህስ አለኝ። ክፍሌ ሁለት ቀን ያለኔ ቢውል ደስታውን አይችለውም አልኩት።

ከዚያ የላፕቶፑን ድምፅ ዜሮ ላይ አወረድኩት። ሰላም የደከመችበት ቫዮሊን ሁሉ ጸጥ አለ። ፈረሰኛውን አስነሳሁ።

«የት ደረስክ?»

«ጫካው።»

ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። ድልድዩ ላይ ረዘመ። ድምፁ ጎርንኗል እንጂ ራሱ ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ራሱ! ዋሻው በር ላይ እህ እህ አለ። እንባዬ መጣና ፈረሰኛውን ገደል ከተትኩት። እንደገና አስነሳሁ። እንደገና ጀመረ።

ለሁለተኛ ጊዜ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሙዚቃው በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ምነው አልኩት። ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። ወደ በሩ ዞርኩ፤ ማንም የለም። ግራ እንደገባኝ ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ መሪጌታው መምጣቱን ሰምተው ሊጠይቁት። መሪጌታው ጋቢውን አስተካክሎ፣ በጌም ነገር የማይጠረጠር ፊት አድርጎ ተቀምጧል።

እኔ ያሰብኩት ግን ሰላምን ነው። ከጎንደር ስመለስ ሱቋ ጎራ እላለሁ። መምህሩ መምጣቱን ጌሙ በምን ያውቃል ብላኝ አልነበር?

በኮቴው ነው ሰላም። በኮቴው።