ይሉኝታ የማያውቅ ደም

እኛ ዘንድ «እንደምን ሰነበትህ?» ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ እግዜር ይመስገን። ጥርሱን እያመመውም፣ ጣሪያው እያፈሰሰበትም ይመስገን ይላል። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ችግሩ፣ ደም ይህን ወግ አልተማረም። በመርፌ ቀድተው ሲጠይቁት የሆዱን ሁሉ ይዘከዝካል።

የእኔ ደም ያጋለጠኝ ዓምና ነው። ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ፤ ከኤችአይቪ ጋር ስኖር፣ መድኃኒቴንም ስወስድ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለቤቴ ጥሩዓለም ታውቃለች፤ እሷ ነጻ ናት። ልጅ እንውለድ ብለን ከሐኪም ጋር መመካከር ጀምረን ነበር። በመካከል ወንድሜን ሩዝ አጨዳ ላግዝ ይፋግ ወረድሁና ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ሕመሜን ለአንዳቸውም አልነገርሁም፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ደግሞ ገና ሲነኩት ይንቋቋል። ዛሬን ልለፈው፣ ነገ እወስዳለሁ እያልሁ፣ ከሻንጣዬ ሳላወጣው ተመለስሁ። እናንተስ ብትሆኑ? ቶሎ አትመልሱ።

ከወራት በኋላ የቫይረስ መጠን ምርመራ ተደረገልኝ፤ በደሜ ውስጥ ያለውን ቫይረስ የሚለካ ነው። ነርሷ ወረቀቱን አይታ፣

«ጋሼ፣ ከፍ ብሏል። መድኃኒት አቋርጠው ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ በፍጹም!»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ተናዘዝሁ።

«እንግዲያው ሦስት ወር ሳያዛንፉ ይውሰዱና እንደገና እንለካለን። ያኔም ካልወረደ መድኃኒቱን መቀየር ሊኖርብን ነው።»

የልጁ ነገር ተቋረጠ። ጥሩዓለም ተመረመረች፤ ነጻ ናት ተባለ። እኔ ግን አላመንሁም። ስታስል ሮጬ እጠጋለሁ፤ ትኩሳት ያላት እየመሰለኝ ግንባሯን እዳብሳለሁ። ሰው ሁሉ ጣና ዳር ንፋስ ሊቀበል ሲወጣ፣ እኔ ውኃውን እያየሁ «ወርዶ ይሆን?» እላለሁ። ስለ ሐይቁ የምጠይቅ የመሰለው አንድ ሽማግሌ «አይ፣ ዘንድሮስ ሞልቷል» አለኝ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ።

የውጤቱ ቀን ጥሩዓለም አብራኝ ገባች። ነርሷ ወረቀት አገላበጠችና፣

«አልተገኘም» አለች።

«ምን ማለት ነው? ውጤቴን ጣላችሁት? ይህን ሁሉ ጊዜ ስጨነቅ ከርሜ!» ብዬ ጮህሁ። ጥሩዓለም ክንዴን ያዘችኝ።

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ውጤቱማ ይኸው! ያልተገኘው ቫይረሱ ነው።»

«ድኛለሁ?»

«አልዳኑም። መሣሪያው ሊያገኘው እስከማይችል ድረስ አንሷል እንጂ። ካቋረጡ ይመለሳል።»

«ልጅስ?» አለች ጥሩዓለም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«እንዲህ ከቆየ ይቻላል። እየተመካከርን።»

እንደወጣን፣ ድፍረቱ ሳይበርድብኝ ለወንድሜ ደወልሁና አንድ በአንድ ነገርሁት። እስክጨርስ ሰማኝ። ኋላ፣

«እናውቃለን እኮ» አለኝ። «ባለቤቴ ልብስህን ልታጥብ ሻንጣህን ስትከፍት ብልቃጡን አየችው። ታፍራለህ ብለን ምንም አላልንም። እንዲያውም ተረጋግተህ እንድትውጥ፣ ከራት በፊት ሁላችንም ሰበብ እየፈጠርን እንወጣልህ ነበር።»

አስታወስሁ። እኔማ ሥራ በዝቶባቸው መስሎኝ፣ ላግዛቸው እየሮጥሁ እከተላቸው ነበር።