ሐያት ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ቀን

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እኛ የወሎዋ መርሳ ልጆች ደግሞ አንዲት ልጅ ዝም ካለች ወርቁን ለመቆፈር ዶማ ይዘን የምንወጣ ሰዎች ነን። ጎረቤቷን እንጠይቃለን፣ የአክስቷን ልጅ እንጠይቃለን፣ ባጃጅ ነጂውን ሳይቀር እንጠይቃለን። ልጅቱን ግን አንጠይቅም። ነውር ነዋ!

ሐያት የጎረቤቴ የአቶ ሰይድ ልጅ ናት። አቶ ሰይድ መርሳ አጠገብ ግራና ላይ ማንጎና ብርቱካን ያለማሉ፤ ልጃቸው ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ለሰፈሩ ሁሉ ማንጎ ያደሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ግን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች፤ ከቤትም አልወጣ አለች። ሰፈሩ ተሰብስቦ መረመራት። ገሚሱ ዓይን ነው አለ፣ ገሚሱ ትምህርት በዝቶባት ነው አለ። አንዷማ በስውር አግብታ ይሆናል ብላ፣ ሠርጉ ላይ ሳትጠራ በመቅረቷ ተቀየመች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ጠዋት ሐያት ሦስት ቀሚሶች ይዛ መጥታ ሁሉንም ጎናቸውን ለቅቄ እንዳሰፋላት ጠየቀችኝ። ለካኋት። እንኳን ልትወፍር፣ ከስታለች። “ሐያትዬ፣ ይኼ እኮ ሁለት አንቺን ይችላል፤ ማንን ልታስገቢበት ነው?” አልኳት። ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተገለበጠ።

“እንዳልታይ ነው፣ እትዬ ዘውዴ።”

በሩን ልዘጋው ብል እንዳልዘጋው ለመነችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። አንድ መምህሯ “የፈተና ወረቀትሽን እዪ” ብሎ ቢሮው ጠርቷት፣ በሩን ዘግቶ እጁን ሰደደባት። ገፍትራው ወጣች። በሳምንቱ ኤፍ ሰጣት። ጓደኞቿ ልማዱ ነው፣ ቻይው አሏት። ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማች ቁጥር ልቧ ይመታል፤ መጽሐፍ ስትገልጥ ፊደሉ ይጠፋባታል፤ ይባስ ብሎ ጥፋቱ የቀሚሷ መስሏታል። እንግዲህ አስቡት፤ ባለጌው እሱ፣ የሚቀጣው የእኔ ስፌት!

ቀሚሶቹን አላሰፋሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ፣ ስትፈራ ስትቸር አብረን ለአባቷ ነገርን። አቶ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ የምጠብቀው ቁጣ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ልጄ፣ በሩን ከፍተሽ ወጣሽ?”

“አዎ፣ አባ።”

“አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው እኛ ከፍተን እንገባለን።”

ሱቄን ዘጋሁና ሦስታችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ተሳፈርን። እዚያ አቤቱታ የሚቀበለው ወጣት ኃላፊ፣ ምስክር የለሽም፣ ስምሽ ይጠፋል፣ ብትተዪው ይሻላል እያለ ያባብላት ጀመር። አቶ ሰይድ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነውን ሰው አንቱ ብለው፣ ልጅ እንዳለው ጠየቁት። ገና ነኝ አላቸው። መዳፋቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

“አላህ ሴት ልጅ ይስጥዎ። ለዩኒቨርሲቲም ያብቃልዎ።”

የወሎ ምርቃት እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ አሜን ለማለት ያስፈራል። ሰውዬው ብዕሩን አነሣ።

ወሬው ግቢውን ሲያዳርስ ሌሎች ሦስት ልጆች ተከትለዋት አመለከቱ። ነገሩ ወራት ፈጀ፣ እኛም ደጋግመን ተመላለስን። በመጨረሻ ወረቀቷ በሌላ መምህር ታርሞ ቢ ሆነ፤ ያ ባለጌ መምህር ከሥራው ተባረረ፤ እሷም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሐያት ዛሬም የትም ስትገባ በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ተመርቃ የተመለሰች ለት ግን ከወልድያ እስከ መርሳ ሚኒባስ ውስጥ ስትዘፍን መጣች። ሲሪንቃ ስንደርስ ሾፌሩም ተቀበላት፤ አቶ ሰይድ የማያውቁትን ዘፈን ያጨበጭቡ ነበር፣ ያውም ያለ ምቱ።

አሁን ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኙ አባቶች ከውርጌሳም ከግራናም እየመጡ ምክር ይጠይቋታል። ብዙ አትናገርም። ልጃችሁ ስትደውል መጀመሪያ ውጤቷን አትጠይቋት፣ እንዴት ነሽ በሏት ትላለች፤ በቃ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ሰምተው ቅር አላቸው።

“ይኼን ለማወቅማ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም” አሉ።

“ልክ ነዎት፣ አባባ” አለች ሐያት። “የገቡትም ሁሉ አልገባቸውም።”